ወንጀለኛ የተባሉት ሴቶች፦ ከኒውጌት እስር ቤት እስከ ሥላሴ ካቴድራል

ወገኖቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኛ ስደተኞች መሃል አንድ ልማድ አለ። ወንድ ፖሊስ ሲወስደው "ተያዘ" እንላለን፤ ብር አዋጥተን ልናስፈታው እንሯሯጣለን። ሴት ስትያዝ ግን መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ "ምን አድርጋ ነው?" የሚል ነው። እዚህ ናይሮቢ ወረቀት አልያዝሽም ተብላ ሁለት ሌሊት ጣቢያ ያደረች እህት ከዓመት በኋላም "ያቺ ታስራ የነበረችው" ስትባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቃሉ ከእስሩ በላይ ይረዝማል።

ስለዚህ "ወንጀለኛ" የሚለው ቃል ሴት ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ ከታሪክ ላሳያችሁ ፈለግሁ። የመረጥኩት የእንግሊዝን ታሪክ ነው። አንደኛ፣ እንግሊዞች መዝገብ መያዝ ያውቁበታል፤ ኦልድ ቤይሊ የተባለው የለንደን የወንጀል ችሎት ከ1674 እስከ 1913 ያሳተመውን ዘገባ ዛሬ ማንም በነፃ ማንበብ ይችላል። ሁለተኛ፣ የብዙዎቻችን ልብ ወደዚያ አገር ያያል። ሦስተኛውን ምክንያት ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ሚዛን

በድሮው የእንግሊዝ ሕግ ባል ሚስቱን ከገደለ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ይሰቀል ነበር። ሚስት ባሏን ከገደለች ግን የወንጀሉ ስም ይለወጣል፤ "ትንሹ ክህደት" ይባላል። ባል የቤቱ ጌታ ነውና እሱን መግደል በንጉሥ ላይ እንደ ማመፅ ተቆጠረ። ቅጣቱም በእሳት መቃጠል ነበር። ሐሰተኛ ገንዘብ በመሥራት የተያዙም እንዲሁ፤ በአንድ ወንጀል ወንዱ ሲሰቀል ሴቲቱ ለእሳት ትዳረግ ነበር። በዚህ ቅጣት የመጨረሻዋ ካትሪን መርፊ ናት። በ1789 በለንደኑ ኒውጌት እስር ቤት ደጃፍ፣ ባሏ ከሌሎች ጋር ሲሰቀል እሷ ታንቃ ከሞተች በኋላ ሬሳዋ ተቃጠለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1790፣ ቅጣቱ በሕግ ቀረ።

ሌላም ሕግ ነበር፤ የ1624ቱ። ሳታገባ የወለደች ሴት የሞተ ሕፃኗን ከደበቀች፣ ሞቶ መወለዱን በምስክር ካላረጋገጠች በስተቀር እንደ ገደለችው ይቆጠራል። ብቻዋን ተደብቃ የወለደች ሴት ምስክር ከየት ታምጣ? የሚከሰሱት በአብዛኛው የሰው ቤት አገልጋዮች ነበሩ። እርግዝናቸው ከታወቀ ከሥራ ይባረራሉ፤ ሥራው ደግሞ ቤታቸውም እንጀራቸውም ነው። ያስረገዘው ሰው ስም መዝገቡ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም። ይህ ሕግ እስከ 1803 ድረስ ቆየ። ሳነበው በአረብ አገር በሰው ቤት ሠርተው፣ አርግዘው፣ ወህኒ የወረዱ እህቶቻችን ፊት ድቅን አሉብኝ።

ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ በእንግሊዝ ሞት የሚያስፈርዱት ወንጀሎች ከ200 በላይ ደርሰው ነበር። ከሱቅ 5 ሺሊንግ የሚያወጣ ዕቃ ደብቆ መውሰድ በ1699 በወጣ ሕግ ያሰቅል ነበር። ከሱቅ ጨርቅ፣ ዳንቴል፣ መሐረብ ሰርቀው ኦልድ ቤይሊ የቀረቡ ሴቶች ብዙ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ፍርዱን የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው ይሳቀቁና ዕቃውን አሳንሰው ይገምቱት ነበር። ከሰው ቤት 40 ሺሊንግ መስረቅ ሞት ስለሆነ "የሰረቀችው 39 ሺሊንግ ነው" ብለው ይወስናሉ። ሕጉ ጨካኝ መሆኑን አውቀው፣ ሕጉን ለመቀየር ግን አቅም ስላልነበራቸው፣ ሂሳቡን ቀየሩት።

ከስቅላት የተረፈችው ትጋዛለች። ከ1788 እስከ 1868 ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ወደ አውስትራሊያ ከተጋዙት 160,000 ያህል እስረኞች ወደ 25,000 የሚጠጉት ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ የተጋዙት ለሰባት ዓመት ነው። ሰባት ዓመት ሲባል ግን ፍርዱ እንጂ ኑሮው አይደለም፤ የመመለሻ መርከብ የሚከፍልላቸው ስለሌለ አብዛኞቹ በዚያው ቀሩ። ልጆቻቸውን ጥለው የሄዱ አሉ። በ1841 "ራጃህ" በተባለች መርከብ ተጭነው ወደ ታዝማኒያ የተወሰዱ ሴቶች በመንገድ ላይ ከ2,800 በላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ ሰፍተዋል። ዛሬ በካንቤራ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጧል። በጨርቅ ስርቆት ከሰው ተራ የወጡ ሴቶች እጅ ጨርቅ ሲያገኝ ምን እንደሠራ አስቡት።

ኒውጌት የገባችው ሴት

ለእነዚያ የራጃህ ሴቶች ጨርቅና መርፌ ያቀረበው ማኅበር የኤልዛቤት ፍራይ ነበር። ፍራይ የኩዌከር እምነት ተከታይና የባለፀጋ ልጅ ናት። በ1813 ኒውጌት ገብታ 300 የሚሆኑ ሴቶችና ሕፃናት ታጭቀው አገኘች። የተፈረደባትም ገና ያልተፈረደባትም አንድ ላይ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ በዚያው ክፍል ያበስላሉ፤ በዚያው ያጥባሉ። መጀመሪያ ይዛ የሄደችው ለሕፃናቱ ልብስ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገችው ነው። ጥቂት ዓመት ቆይታ ስትመለስ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ለመክፈት እናቶቹን ራሳቸውን አማከረች፤ አስተማሪዋም ከእስረኞቹ መሃል ተመረጠች። በ1817 ማኅበር አቋቁማ የክፍሉን ደንብ ስታዘጋጅ አንድ በአንድ እያነበበች እጅ አስወጥታ አስጸደቀች። እነዚያ ሴቶች ውጭ ቢሆኑ ኖሮ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም! በ1818 ፍራይ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ያየችውን መሰከረች። በ1823 የወጣው ሕግ ሴት እስረኞች ከወንድ ተለይተው በሴት ጠባቂ እንዲጠበቁ አዘዘ። ሕጉን የሚከታተል ተቆጣጣሪ ግን እስከ 1835 ድረስ አልተሾመም። "ሕግ ወጥቷል" እና "ሕግ ደርሷል" ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንኛውም ስደተኛ ያውቀዋል።

ጥርጣሬ ብቻ ሲያሳስር

በ1864 ሌላ ሕግ መጣ። በወታደርና በባሕር ኃይል ከተሞች የአባላዘር በሽታ ተስፋፋ ተባለና ፖሊስ "ሴተኛ አዳሪ ናት" ብሎ የጠረጠራትን ሴት ለግዳጅ ምርመራ እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። እምቢ ያለች ትታሰራለች። በሽታው የተገኘባት ሆስፒታል ይዘጋባታል፤ ጊዜውም በኋላ በወጡት ሕጎች እስከ ዘጠኝ ወር ተራዘመ። ወታደሩን ግን ማንም በግድ አልመረመረውም። ጆሴፊን በትለር የተባለች ሴት ከ1869 ጀምሮ አገር ለአገር እየዞረች ታገለች። ጨዋ ሴት በአደባባይ ስለዚህ ነገር መናገሯ ራሱ ነውር ነው እየተባለች ተሰደበች። ሕጉ በ1886 ተሻረ። አስራ ሰባት ዓመት ፈጀባት።

ሆሎዌይ

በሰሜን ለንደን ይገኝ የነበረው የሆሎዌይ እስር ቤት በ1852 ተከፈተ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የሴቶች ብቻ ሆነ። የምርጫ መብት የጠየቁ ሴቶች በመቶዎች የገቡበት እሱ ነው። እንደ ፖለቲካ እስረኛ እንዲቆጠሩ ጠየቁ፤ መንግሥት ተራ ወንጀለኞች ናችሁ አላቸው። በ1909 ማሪየን ዋላስ ደንሎፕ ምግብ አልቀምስም ብላ ከ91 ሰዓት በኋላ ተፈታች። ሌሎቹም ተከተሏት። የመንግሥት መልስ በአፍና በአፍንጫ ቱቦ እየከተቱ በግድ መመገብ ሆነ።

እዚህ ላይ የኮንስታንስ ሊተንን ታሪክ ልብ በሉ። አባቷ የሕንድ እንደራሴ የነበረ መኳንንት ነው። በ1909 ኒውካስል ታስራ ስትጾም ሐኪሞች ልቧን መርምረው "ታማሚ ናት" ብለው ፈቷት። ነገሩ ከነከናት። በ1910 ጸጉሯን አሳጥራ፣ ርካሽ ልብስ ለብሳ፣ "ጄን ዋርተን እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ" ብላ ሊቨርፑል ላይ ተያዘች። ሰውነቷም ልቧም ያው ነው፤ የተለወጠው ስሟና ልብሷ ብቻ ነው። ልቧን ያየላት አልነበረም፤ ስምንት ጊዜ በግድ መገቧት። ማንነቷ ሲታወቅ ለቀቋት። በኋላ አንድ ጎኗ ሽባ ሲሆን በግራ እጇ እየጻፈች ያየችውን በመጽሐፍ አወጣችው።

በ1913 መንግሥት አዲስ ዘዴ አመጣ። በረሃብ የደከመችውን ይፈታታል፣ ስታገግም መልሶ ያስራታል። ሕዝቡ "የድመትና የአይጥ ሕግ" አለው። በዚህ ሕግ ደጋግማ ከገባችና ከወጣች አንዷ ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ምግብ ብቻ ሳይሆን ውኃና እንቅልፍም ትታለች። ከእስር ለወጡት ሴቶች የሚሰጠውን የደረት ጌጥ የነደፈችው እሷ ነበረች፤ የእስረኛ ልብስ ላይ የሚታተመውን የቀስት ምልክት ወስዳ የክብር ምልክት አደረገችው። በ1921 እንደገና ሆሎዌይ ገባች፤ በዚህ ጊዜ በጋዜጣዋ ባወጣችው ጽሑፍ "አመፅ ቀስቅሰሻል" ተብላ ነው።

አሁን ሦስተኛው ምክንያቴ ላይ ደረስን። ይህችው "ወንጀለኛ" ሴት በ1936 ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሲይዝ "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ" የተባለውን ጋዜጣ ጀመረች። ንጉሠ ነገሥቱ ስደተኛ ሆነው ባዝ ከተማ ሲቀመጡ፣ የአውሮፓ መንግሥታት ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ እሷ ለሃያ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ጻፈች። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰበች። በ1956 ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገባች፤ በ1960 አረፈች። መቃብሯ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ፣ ከአርበኞቻችን ጋር ነው። አንድ አገር ሆሎዌይ ያስገባትን ሴት ሌላው አገር ከጀግኖቹ ጎን ቀበራት። ሴትዮዋ አንድ ናት።

ዛሬስ?

ሆሎዌይ በ2016 ተዘጋ። በእንግሊዝና ዌልስ ሴቶች ከጠቅላላው እስረኛ 4 በመቶ ያህል ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚታሰሩት ደም ባልፈሰሰበት ወንጀል፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ስታይል በተባለው እስር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ስድስት ሴቶች ከሞቱ በኋላ በ2007 የወጣው የባሮነስ ኮርስተን ሪፖርት ይህን በግልጽ ተናግሯል።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ግን ሌላ ነው። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31፣ ሕይወቱ ከሚያሰጋው ቦታ በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ካቀረበና በቂ ምክንያት ካሳየ ያለ ፈቃድ በመግባቱ አይቀጣም ይላል። እንግሊዝ ፈርማለች። ነገር ግን በ2004 ያለ አጥጋቢ ምክንያት ሕጋዊ ሰነድ ሳይዙ መምጣትን እስከ ሁለት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አደረገች፤ በ2022 ደግሞ ያለ መግቢያ ፈቃድ መድረስን እስከ አራት ዓመት። ወንጀል ሳይፈረድባቸው የተያዙ ጥገኝነት ጠያቂ ሴቶች ለዓመታት የኖሩት ያርልስ ውድ በተባለው ማቆያ ነው። በ2018 እዚያ ከመቶ በላይ ሴቶች የረሃብ አድማ መቱ። ከደንሎፕ 109 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እስር ቤት የገባች ሴት ሁሉ ንጹሕ ናት እያልኩ አይደለም። ሰው የገደሉ፣ ሰው የጎዱም አሉ፤ የተጎዳውም ፍትሕ ይገባዋል። እኔ የምለው፣ ወንጀሉን የሰየመው ማን እንደሆነ፣ በዚያው ሥራ ሌላው ሰው ይታሰር እንደነበር ሳንጠይቅ አንፍረድ ነው። ባልና ሚስት፣ ወታደርና ሴተኛ አዳሪ፣ እመቤት ሊተንና ጄን ዋርተን ሁለት ሚዛን ነበራቸው። የእኛም ማኅበረሰብ ሁለት ሚዛን አለው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በምትኖሩበት ከተማ የታሰረች እህት ካለች ጎብኟት። የልጆቿን ሁኔታ ጠይቁ፤ የንጽሕና መጠበቂያ፣ የውስጥ ልብስና ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ። የተያዘችበትን ቀን፣ የተከሰሰችበትን አንቀጽና የቀጠሮዋን ቀን በወረቀት ጻፉ፤ ጠበቃ ስትፈልጉላት መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። ስትወጣም ስሟን ብቻ ጥሩ።

ይህን ጽሑፍ ላልደረሳቸው አድርሱልኝ። ቸር እንሰንብት።