የአምላክ አሳብና የባልንጀራ ርዳታ በጭልሞና በምዕራብ ሸዋ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፥ ከጊንጪ ከተማ በስተሰሜን የጭልሞ ደን ይገኛል። ጽድ፥ ዝግባና ወይራ የሚበቅልበት ይህ ደን በማዕከላዊው ደጋ ከተመነጠሩት ደኖች የተረፈ ነው። በዚህ አገር ከሜጫ ኦሮሞ ጥንታዊ እምነት ጋር የተዋሕዶና የወንጌላውያን ክርስትና ጎን ለጎን ይኖራሉ። ስለዚህ ሰው ስለ አምላኩ ያለው አሳብ ባልንጀራውን ከመርዳቱ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ለመመርመር የተመቸ ስፍራ ነው።

በሜጫ ዘንድ ዋቃ የፍጥረት ሁሉ ጌታ ነው፤ ለእያንዳንዱም ፍጥረት የራሱን አያና ሰጥቶታል። ሆላንዳዊው ካህን ላምበርት ባርትልስ በ1983 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለ ምዕራብ ሜጫ እምነት ያሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ያብራራል። ሁሉም በየደረጃው የሚከበርበት ሥርዓት ሰፉ ይባላል። እንግዲህ ችግረኛን መርዳት የተናጋውን ሥርዓት መመለስ እንጂ ችሮታ ብቻ አይደለም። በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ የሚቈጠረው፥ መጻተኛውም በሞጋሳ የጎሣ አባል የሚሆነው ከዚሁ ጋር ተስማምቶ ነው። ነገር ግን ርዳታው የዝምድናን መንገድ ይከተላል፤ ባዕድ የሆነ ሰው ሙሉ ድርሻ ለማግኘት አስቀድሞ ዘመድ መሆን አለበት።

በተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ግን ነዳይ የሚለምነው በዝምድና ሳይሆን በማርያምና በቅዱሳን ስም ነው። ሰጪውም ለድኻ የሰጠውን ለክርስቶስ እንደ ሰጠ ይቈጥረዋል። ሰንበቴ፥ ማኅበርና ተዝካር ከዚህ እምነት የጸኑ ናቸው። በዚህ አኳኋን ባዕዱም ሳይጠየቅ ይበላል፤ ሆኖም በዓሉ ካለፈ በኋላ ድኻው እንደ ድኽነቱ ይቀራል።

በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ አነሣች። የውጭ አገር ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ገንዘብ ሲሰጡ፥ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የሰው ሥጋና ነፍስ ሊከፈል እንደማይገባ አስረዳች። በዚያ ጊዜ ዋና ጸሐፊ የነበሩት የወለጋው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተይዘው ተገደሉ፤ አፅማቸውም የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። የደብዳቤው አሳብ ሥጋንና መንፈስን ከማይለያየው ከሜጫ አስተሳሰብ ጋር ይመሳሰላል። መመሳሰሉ ግን መወለዱን አያስረዳም፤ ደብዳቤው የቆመው በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነውና።

ከእነዚህ ሦስቱ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የአምላክ አሳብ ሰው ለምን እንደሚረዳና ርዳታው እስከ ማን እንደሚደርስ ይወስናል፤ የርዳታን መኖር ግን እርሱ ብቻ አይወስንም። ለእርሻ ደቦ የሚወጣ ጎረቤት የባለ ማሳውን ሃይማኖት አይጠይቅም። በ20ኛው መቶ ዓመት በከተሞች የተስፋፋውም እድር በብዙ ስፍራ ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸውን ሰዎች በአንድ መዝገብ ይጽፋል። ሬሳውን እንደየእምነቱ ሥርዓት ቢቀብሩትም ድንኳኑን የሚተክሉት በአንድነት ነው። በምዕራብ ሸዋ የሃይማኖትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጸሎቱን ብቻ መዝግቦ ድንኳኑን ከተወ፥ የታሪኩን እኩሌታ ትቷል።