ባለ አንድ ካምዮኖች በጎንደር፤ ሥራቸው እንዴት ተጀምሮ እንዴት ተዘጋ



በእድራችን ካለነው ሽማግሌዎች ጥቂቶቻችን ዕድሜያችንን የፈጀነው በሊማሊሞ ዳገት ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። አንድ ካምዮን፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ ረዳት፤ ሁለት ሦስት ቤተሰብ በዚያው ይተዳደር ነበር። ያ ሥራ በከተማችን ዛሬ እንደ ቀድሞው የለም። ስለ አጀማመሩ ብዙ ይወራል፤ ስለ አዘጋጉ ግን እምብዛም አይነሣም። ለእድርተኛ የሚጠቅመው ደግሞ ይኸው መጨረሻው ስለሆነ ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርበናል።

እንደሚታወቀው ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ ከአሥመራ ተነሥቶ በአክሱምና በሽሬ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአዲ አርቃይ ሊማሊሞን የሚወጣውን የመኪና መንገድ ሠራ። መንገዱ ደባርቅን፣ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን ከጎንደር ጋር አገናኘ። በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ጎንደር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ መንገዱ ለእኛ ቀረ። ቃሉም አብሮ ቀረ፤ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ የምንለው ሁሉ ከዚያው የመጣ ነው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በዚህ መንገድ ላይ ስሟ የገነነው ፊያት 682 ኤን 3 ነበረች። ሕዝቡ በጣሊያንኛው ቁጥር «ኤንትሬ» ይላታል። ሊማሊሞን ስትወርድ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይይዛታል፤ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ለመዝለል ይዘጋጃል። ፍሬን የከዳት ዕለት የሰው ነፍስ በዚያች ታኮ ላይ ነው። ከደጋው እህልና ቆዳ ይጫናል፤ ሲመለሱ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። የሥራው ትርፍ ያለው በመልሱ ጭነት ነው፤ ባዶዋን የተመለሰች መኪና የሁለት መንገድ ናፍጣ ከአንድ ኪራይ ትከፍላለችና። በሰሊጥና በጥጥ ወራት ደግሞ የሑመራ እርሻ ከደጋው የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ይጠራ ስለነበር፣ ያ ወቅት ለባለ መኪና የመኸር ያህል ነበር።

ታዲያ ይህ ሥራ በአንድ ቀን አልተዘጋም። መጀመሪያ የነዳጅ ዋጋ መጣ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእኛም ኪስ ያኔ ተነካ። ከአብዮቱ በኋላ በ1969 ዓ.ም. የኢዲዩ ጦርነት ሑመራንና መተማን ሲያዳርስ የሰሊጡ ጭነት ቀረ። የአሥመራውም መንገድ በጦርነቱ የተነሣ በፈለጉ ጊዜ የሚሄዱበት መሆኑ አበቃ።

በደርግ ዘመን ባለ መኪናው በቀጠና ማኅበር እንዲደራጅ፣ ጭነት በተራ እንዲታደል፣ ታሪፉም በመንግሥት እንዲወሰን ተደረገ። እውነቱን ለመናገር ተራው ደካማውን ከጉልበተኛው የጠበቀበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን መኪናው የእኛ ሆኖ መቼና ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ሌላ ሆነ። ያረጀ ጎማና የተሰበረ ባሌስትራ ተራ አይጠብቅም፤ ብዙዎቻችን የመለዋወጫውን ዋጋ በብድር ሸፈንን።

በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ የመንገድ ትራንስፖርት አዋጅ ሲያወጣ ኪራዩ ወደ ገበያ ተመለሰ። ደስ አለን። ግን መኪናዎቻችን አርጅተው ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሥመራው በር ተዘጋ፣ የአገሪቱም ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለጅቡቲ ትልቅ ካፒታልና ባለ ተሳቢ መኪና ያስፈልጋል፤ የወረዳውን አጭር ጭነት ደግሞ አይሱዙ ወሰደው። በመሐል ለአሮጊቷ ኤንትሬ የሚሆን መንገድ አልቀረም።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። አንዱ መኪናውን በቁሙ ሸጠ፤ ሌላው ሞተሩን ለአንዱ፣ ቸርኬውን ለሌላው ብሎ በዝርዝር ሸጠ፤ ሌላው ደግሞ ነገ እጠግናታለሁ እያለ በግቢው አቁሞ ዝናብ አበላት።

ከአባሎቻችን አንዱ መኪናቸውን በመንደር ውል ሸጡና ሊብሬውን በስማቸው እንዳለ ተዉት። ገዢው በመንገድ ላይ ሰው ጎዳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ በመዝገብ ያሉት ባለቤት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ክሱ ሳያልቅ አረፉ። የእድራችን ድንኳን ገና ሳይነሣ መጥሪያ መጣ፣ ባለቤታቸውም ባልነዱት፣ ባልሸጡትም መኪና ሦስት ክረምት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። እኛ ልቅሶውን ደረስን፤ ቀብሩን አሳመርን፤ ለዚህኛው ግን ምንም ልንሆንላቸው አልቻልንም።

ሌላው አባላችን ግን እንዲህ አደረጉ። መኪናዋን ከመሸጣቸው በፊት ረዳታቸውን በሽማግሌ ፊት ጠርተው ያልተከፈለውን ደመወዝ ቆጠሩለት። የጎሚስታውንና የነዳጁን ዱቤ ዘጉ። ስመ ሀብቱን ለገዢው አዛወሩ፣ ግብራቸውን አጣርተው ንግድ ፈቃዳቸውን መለሱ። ከሽያጩ የተረፋቸው ጥቂት ነበር። ባረፉ ጊዜ ቤታቸውን ያንኳኳ ባለ ዕዳ አልነበረም፤ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ያ ረዳት ነበር።

አባቶቻችን «ዕዳ ከሜዳ» ይላሉ። ሥራው በጦርነት፣ በአዋጅና በዘመን ተዘግቷል፤ ያ በእጃችን አልነበረም። ሒሳቡን መዝጋት ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ መኪናም ሆነ ወፍጮ፣ ሱቅም ሆነ ጋራዥ የዘጋችሁ ወይም ልትዘጉ ያሰባችሁ አባላት፣ ሊብሬያችሁ በማን ስም እንዳለ፣ ፈቃዳችሁ መመለሱን፣ የሠራተኛችሁም ደመወዝ መከፈሉን በጤናችሁ ሳላችሁ እንድትመለከቱ እናሳስባለን። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ከስብሰባ በኋላ ቆዩ፤ አብረን እንጽፋለን።

ቸር ያሰንብተን።