በሦስተኛ ማዕረግ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን የሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ስፍራ ደረሰ። በፈቃዱ መሠረት መስመሩ ሐረር መግባት ነበረበት፤ ዳሩ ግን ተራራውን የመውጣቱ ወጪ ስለከበደ ኩባንያው ጥንታዊቱን ከተማ ትቶ በቆላው በኩል አለፈ። ድሬዳዋን የወለዳት እንግዲህ ቁጠባ ነው ማለት ይቻላል። ኩባንያው ግን በዚያ አልዳነም፤ በ1907 ከሰረ። አዲስ አበባ የገባው በተተኪው ኩባንያ ዘመን፣ በ1917 ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ 784 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባለጸጋው በድሬዳዋና በአዋሽ ሆቴል ያድራል፤ ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረው ደግሞ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ምንም ያነጋል። የጭነቱ ታሪፍም ውድ ነበርና የግመል ቅፍለት ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ እንኳ ወዲያው አልጠፋም። ነጋዴው ጊዜውን ሰጥቶ ገንዘቡን ማትረፍን መርጧል፤ ስሌቱ ሞኝነት አልነበረም።

የባቡሩን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያወቁት ግን በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል የተመላለሱት ሴቶች ነጋዴዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፤ ጣቢያዎቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል። ለእነርሱ ትኬት የመንገድ ወጪ ብቻ ሳይሆን በሸቀጡ ዋጋ ላይ የሚታሰብ ሒሳብ ነበር። ጨርቁንና ጫማውን ለጎረቤት ተሳፋሪ አካፍለው ከፈታሽ ዓይን ያሳልፋሉ። መንግሥት ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ በቤታቸው የልጆች ቀለብ ነበር። በ1977 በጦርነቱ ምክንያት መስመሩ ሲቋረጥ የተቋረጠው የእነርሱም ገበያ ነው።

አሮጌው ባቡር በሁለት ሺህዎቹ መጨረሻ አካባቢ ተዳከመና ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር በ2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር 2017 ደግሞ ጅቡቲ ላይ ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። የቀናቱን መንገድ ወደ ሰዓታት አሳጥሮታል። ይሁንና የቀድሞው ጣቢያ ከከተማው መካከል ሲያወርድ፣ የአሁኑ ነጋድ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ በትኬቱ ላይ የታክሲ ሒሳብ ይጨመርበታል። ሻንጣ የበዛበት መንገደኛ ይህን ከመሳፈሩ በፊት ያሰላዋል።