የማይቆም አስተማሪ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ አራት ሆነን ስንወጣው ግን ለሽርሽር አልነበረም፤ የገፋን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ከመካከላችን ሁለቱ የሚመረቁት በመምህርነት ነው። አንደኛው «መምህሩ ደካማ ቢሆን እንኳ መሣሪያው ይሸፍነዋል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ታላቅ ወንድሜን ከሂሳብ ያጣላው ፕላዝማ ነው» ብሎ አልሰማም አለ። በጩኸት ያልተፈታ ነገር ያየን ሰው በመጠየቅ ይፈታል ብለን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ወደሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ዘንድ ሄድን። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁን «መምህሩ» እያልን እንቀጥላለን።

ቦታው ራሱ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱና ከተማው ወደ ፍል ውኃ ሲወርዱ ደብሩ ተራራው ላይ ቀረ። መምህሩም በ1955 ዓ.ም. ፊደል የቆጠሩት እዚያው አካባቢ፣ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ነው።

«የመጀመሪያው የማስተማሪያ መሣሪያዬ ምን እንደ ነበረ ታውቃላችሁ ልጆቼ?» አሉን። «ስንደዶ ናት።» የፊደል ገበታው በጭን ላይ ይዘረጋል፤ ልጁ በስንደዶው እየነካ ሀ ሁ ሂ ይላል። ወረቀቱ በማተሚያ ቤት የታተመ ነበር። ፊደል ገበታን አትመው በየአገሩ ያዳረሱት የቡልጋው ተስፋ ገብረ ሥላሴ መሆናቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ግን ያ ወረቀት ስንት ብራና ፋቂና ስንት ቁም ጸሐፊ ሊደርስበት ያልቻለውን ቤት እንዳንኳኳ ቆም ብለን አናስብም።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ከወረቀቱ ይልቅ በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ልጅ ብልጥ ነው፤ ፊደሉን ሳያውቅ ዜማውን ይይዝና እንደ ዘፈን ያወርደዋል። የኔታም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሀሁው እንዳለቀ አቡጊዳ ይመጣል፤ ያው ፊደል ሆኖ ቅደም ተከተሉ ተለዋውጧል። በዜማ ያመለጠው ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ያም ካልበቃ የኔታ ስንደዶዋን ተቀብለው ከመካከል አንዷን ይነኩና «ይቺ ማን ናት?» ይላሉ። ልጁ ዝም ካለ ትምህርቱ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ነገም ከዚያው ይጀመራል። በእርግጥ ኩርኩሙና አለንጋው እንዳሉ ናቸው፤ እኛ የቄስ ትምህርት ቤትን ገነት ነበር ለማለት አልተነሣንም። ማስቆሚያው ግን በመምህሩ እጅ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. ከዚሁ ተራራ ግርጌ የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ሌላ ዓለም ይዘው መጡ። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ምልክት ግን እስከ ዛሬ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። መምህሩ ሰሌዳን ያከበሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ገና ተማሪ ነበሩ። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እስከ አሥራ አምስት ደረሰ፤ በፈረንጆች 1980 ላይም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። መምህሩ በደረሱበት መንደር ግን ሰሌዳ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ምን አደረጉ? ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረው ከሰሉን ወቀጡና በቅጠል እያሹ የበር ሳንቃ አጠቆሩ። «ከማሠልጠኛ በፊት ያገኘሁት ሥልጠና እሱ ነው» ብለው ሳቁ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመደቡ ደግሞ ሬዲዮ ጠበቃቸው። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ የቴሌቪዥን ትምህርትም ነበረ፤ ለሰፊው አገር የደረሰው ግን የትምህርት በሬዲዮ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሰባ ልጅ ጸጥ ይላል፣ አስተማሪው ከአዲስ አበባ ይናገራል። ይጠይቃል፤ ለመልስ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያ ልጆቹ መለሱም አልመለሱም «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። መምህሩ ይህችን «ጎበዞች» ሲያስመስሉልን አራታችንም በሳቅ ፈረስን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ከኋላ የተቀመጠው ልጅ አልሰማም፤ ‹ጎበዝ› ተብሎ ግን አለፈ። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ እጁን አያወጣም» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ማንም አላስተማራቸውም። ከአጎታቸው ልጅ ቴፕ ሪከርደር ተውሰው ትምህርቱን በካሴት መቅዳት ጀመሩ። በማግሥቱ ካሴቱን ከፍተው፣ ልጆቹ የተሰናከሉበት ሲደርስ ቁልፉን ጠቅ አድርገው ያቆሙታል፤ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ያስረዳሉ፤ መልሰው ይለቁታል። ይቺ ጠቅታ ለእኛ የጉዞው ሁሉ ዋጋ ነበረች። መምህሩ ሬዲዮውን አልጠሉም፤ ወደ ስንደዶ ለወጡት እንጂ።

ዓመታት አለፉ። መምህሩ በክረምት ትምህርት ዲፕሎማ፣ ቀጥሎም ዲግሪ አገኙና የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ሆኑ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሂሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ባዮሎጂውም፣ እንግሊዝኛውም በሳተላይት ተሠራጨ። ፕሮግራሞቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ወደ ሠላሳ የሚጠጋውን የሚወስደው ስክሪኑ ነው፤ ለመምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ይተርፉታል።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት ያለ ልጅ የኬሚስትሪውን ሙከራ በዓይኑ አየ፤ የገጠሩና የአዲስ አበባው ልጅ አንድ ትምህርት በአንድ ሰዓት አገኙ። መምህሩም እውነቱን አልደበቁንም፦ «የግራፍን እንቅስቃሴ እንደዚያ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም ነበር። ከእሱ ተምሬአለሁ። አንዳንድ ቃልም ለካ ስጠራው የኖርኩት ተሳስቼ ነው!»

ታዲያ ምኑ ላይ ተበላሸ? አይቆማ! ሥርጭቱ ለአገሩ ሁሉ የሚለቀቅ ስለሆነ አንድ ክፍል አልገባኝም ቢል የሚሰማው የለም። ሌላ አገር ቅላፄ ያለው እንግሊዝኛ ይንቆረቆራል፤ ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ። ለመምህራኑ የተሰጠው ማብራሪያ እሳቸው በነበሩበት ትምህርት ቤት ማብሪያና ማጥፊያውን ከማሳየት አላለፈም። ስክሪኑ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር የሚያድረው፤ ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ነው። አንድ ቀን መምህሩ እኩሌታውን ለማስረዳት ድምፁን ቀነሱ። ከፊት የተቀመጠች ጎበዝ ልጅ ተነሥታ «ቲቸር፣ እባክዎ ያመልጠናል፣ ይልቀቁልን» አለቻቸው። ጠመኔውን አስቀምጠው ከበሩ አጠገብ ቆሙ።

«ልጅቱ አልተሳሳተችም» አሉን። «ፈተናው የሚመጣው ከዚያው ይመስላታል። እኔ ግን የዚያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ዘበኛ ሆንኩ አልኳት።»

እኛ የምንለው አለን። መሣሪያ መምህሩን ይሸፍናል ያለው ጓደኛችን እዚህ ላይ አንገቱን ደፋ፤ ፕላዝማን የረገመውም ግን ግማሹን ብቻ ነው ያገኘው። ያች ልጅ ስክሪኑን የመረጠችው ስክሪኑ ስለሚሻል አይደለም። ሥርዓቱ ሰዓቱን ከመምህሩ ወስዶ ለስክሪኑ ስለ ሰጠ፣ ልጆች ደግሞ ሰዓት ያለውን ስለሚያከብሩ ነው። መለዋወጫ እየጠፋ፣ ስክሪኖቹ አንድ በአንድ ሲጨልሙ ሰሌዳው ተመለሰ፤ «ቲቸር ያመልጠናል» የተባለ መምህር ግን እንደ ሰሌዳው በአንድ ቀን አይመለስም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህሩ ጡረታ ወጥተው ነበር። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ሆነ። የልጅ ልጃቸው የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ በእናቷ ስልክ የሂሳብ ቪዲዮ ታወርዳለች። ካርድ ውድ ስለሆነ የሚወርደው በቀን አንድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አጠገቧ ተቀምጠው ሲያዩ አስተማሪው አንድ መስመር ዘለለ። ልጅቱ በጣቷ ነካ አድርጋ አቆመችው።

«እንዴት አደረግሽው?» አሉ መምህሩ።

«ምኑን አባባ?»

«ያቆምሽውን።»

አሳየቻቸው። ያን ክረምት የሠላሳ ደቂቃው ቪዲዮ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅባቸው ነበር፤ እናትየው ስልኬን መልሱልኝ እያለች ከጓዳ ትጮኻለች። መምህሩ ይህን ሲነግሩን ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ነበር። ከዚያ የተመራቂውን ጓደኛችንን ደብተር ተቀብለው፣ በስክሪብቶው ጫፍ ከጻፈው መካከል አንድ ቃል ነኩና «ይቺ ምንድን ናት? ጽሕፈትህ አይነበብም» አሉት።