በቀጠሮ የሚያብብ አበባ

እኛ አበባን ከልጅነታችን የምናውቀው በመስከረም ነው። ክረምቱ ሲወጣ አደይ ራሷ ብቅ ትላለች፤ ጠሪም አስታዋሽም አትፈልግም። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰብን የዚህ ማኅበር አባላት ግን ሌላ ዓይነት አበባም እናውቃለን፤ ቀን ተቆርጦለት፣ በታዘዘበት ሳምንት የሚፈነዳውን። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግነው በእሱ ደመወዝ ስለሆነ ታሪኩን በዚህ እትም ልንጽፈው ወደድን።

አበባን ያለ ወቅቱ ማስፈንዳት በአውሮፓ የቆየ ሙያ ነው። ቱሊፕ የሚባለው አበባ ከቱርክ ምድር ተሻግሮ ሆላንድ ሲደርስ፣ ክሉሲየስ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የአትክልት ስፍራ ተከለው፤ በ1594 እ.ኤ.አ. አበበ። ቱሊፕ እንደ ሽንኩርት ከኮረት ይበቅላል። ኮረቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ በብርድ ካልቆየ ደህና አያብብም። አትክልተኞች ይህን ሲረዱ ኮረቱን አስቀድመው ብርድ እያስመቱ፣ ቀጥሎ ወደ ሞቀ ቤት እያስገቡ፣ ውጭው ገና በረዶ ሳለ አበባ ማየት ቻሉ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የቀይ ሽንኩርት ዘር የሚፈልግ ገበሬ ጥሩ ጥሩውን ኮረት መርጦ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ መልሶ ይተክለዋል። የበጋው ሌሊት ብርድ ካልነካው አበባ አያወጣም፤ አበባ ከሌለ ደግሞ ዘር የለም።

ጽጌረዳ ግን የምትፈልገው ብርሃንና ሙቀት ነው። በአውሮፓ ክረምት ሁለቱም በገንዘብ የሚገዙ ናቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የነዳጅ ዋጋ ሲንር ቤት አሙቆ አበባ ማብቀል ከበዳቸው፤ ፀሐይ ያለባቸው አገሮችም ገበያውን ያዙት። ኬንያ ቀደመች። በእኛ አገር በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻዎች ጥቂት አበባ ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። በግሪን ሃውስ የሚለማው ጽጌረዳ የተስፋፋው ግን በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ከሰበታ አለፍ ብሎ ተፍኪ ላይ ጎልደን ሮዝ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ብዙ እርሻዎች ተከተሉት፤ ኢትዮጵያም በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ሆነች።

ደጋው ለጽጌረዳ ይስማማል። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ አበባው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ እምቡጡም ይተልቃል። ትልቁ ቀጠሮ የካቲት 7 አካባቢ የሚውለው የፍቅረኞች ቀን ነው። ለዚያ ቀን እንዲደርስ ግንዱ በኅዳር ይቆረጣል፤ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ብርድ ከሁለት እስከ ሁለት ወር ተኩል ይቆጠርለታል። በጥር እንለቅማለን፣ በቁመት እንለያለን፣ እናስራለን፣ ቀዝቃዛ ክፍል እናስገባለን። አበባው በቦሌ በኩል በአውሮፕላን ሄዶ ሆላንድ ጨረታ ላይ ይቀርባል።

ያ ሥራ የጠቀመንን አንክድም። ለብዙዎቻችን በስማችን የተፈረመበት የመጀመሪያው ደመወዝ ነበር፤ እቁብ የጣልነውም በእሱ ነው። የጎዳንንም አንደብቅም። አንዳንዶቻችን የሠራንበት እርሻ መድኃኒት በተረጨ ማግስት ያለ ጓንት ያስገባን ነበር። በጥር ደግሞ የምናመሸው ልጆቻችንን ለጎረቤት ትተን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የሆላንድ ጨረታ ዋጋ ሲወድቅ ለወራት የተንከባከብነው አበባ ተጣለ፤ ከእኛም መካከል በአንድ ቀን ቃል ወደ ቤት የተመለሱ አሉ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን። አበባው የሚያብበው በሌላ ሰው ቀጠሮ ነበር፤ ቀጠሮው ሲሰረዝ በእጃችን የቀረው ሙያው ብቻ ነው። ቁጠባችንን ያጠናከርነው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ከአባሎቻችን ጥቂቶቹ በጓሯቸው የአበባ ችግኝ ያፈላሉ፤ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስም ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥረው ይዘራሉ። ከተሞቻችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ቦታውም በየዓመቱ እየጠበበ ነው። የቀን አቆጣጠሩን ግን ማንም አይወስድብንም።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው ይህን ነው፦ የረዳችሁን ሙያ የሌላቸውን ሴቶች አይደለም። አበባ መቼ እንደሚያብብ የሚያውቁ እጆች ናቸው፤ አሁን ቀኑን ራሳቸው መቁረጥ ጀምረዋል።