ሦስት ቦታ፤ ብዙ ጀግና

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



አባቶቻችን «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ብለው የተረቱት ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ገንዘቡም፣ ቦታውም፣ ጊዜውም ልክ ያለው ስለ ሆነ፣ አንዱን የመረጠ ሰው ሌላውን መተዉ የማይቀር መሆኑን ሲያስታውሱን ነው። በመሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። በጀቱ የፈቀደው የሥራ መደብ ሦስት ነው እንበል፤ ለእነዚህ ሦስት መደቦች ግን አምስት የተገባቸው ሰዎች ይቀርባሉ። ከአምስቱ አንደኛው ፀጉሩ በዚያው ቢሮ የሸበተ፣ የመዝገቡን ነገር ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፣ ትናንት መሥሪያ ቤቱን ከብዙ ችግር ያወጣ አገልጋይ ነው። ሌላው ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ያልቆየ፣ ጉልበቱ ያልተነካ ወጣት ነው። እንግዲህ መደቡ ለማን ይሰጥ? ለውለታ ወይስ ለተስፋ?

ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ በስፖርት ታሪክ በኩል እንመለከተዋለን። በስፖርት ዘንድ ምርጫው ትክክል መሆኑና አለመሆኑ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በዓለም ፊት ስለሚገለጥ፣ ትምህርቱ ጎልቶ ይታያል።

አስቀድመን አንድ የባዕድ አገር ምሳሌ እናንሣ። በሰሜን አሜሪካ በበረዶ ላይ የሚካሄድ ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በጎበጠ በትር አንዲት ጠፍጣፋ ጎማ እየገፉ ግብ ለማግባት ይታገላሉ። በ1997 ዓ.ም. በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች መካከል በተነሣ የደመወዝ ክርክር የዓመቱ ውድድር በሙሉ ተሰረዘ። ክርክሩ ሲያበቃ ክለቦቹ ለተጫዋቾቻቸው ከሚከፍሉት ገንዘብ ላይ ጣሪያ ተደረገ፤ ይኸውም በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ክለብ 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜው የገፋ ተከላካይ ጉዳይ ከባድ ሆነ። ዕድሜው 35 ዓመት ከሞላ በኋላ የብዙ ዓመት ውል የተፈራረመ ተጫዋች፣ ውሉ ሳያልቅ ጨዋታ ቢያቆም እንኳ ደመወዙ ከክለቡ ጣሪያ ላይ እንዲቆጠር የሚያደርግ ደንብ ወጥቶ ነበርና። የቦስተን ክለብ ተከላካይና አለቃ የነበረው የስሎቫኪያው ተወላጅ ዝዴኖ ቻራ ቡድኑን 14 የውድድር ዘመን መርቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ዋንጫ አስገኝቶ፣ በ2013 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ወደ ዋሽንግተን ክለብ ተሻገረ። ቦስተን ቦታውን ለወጣት ተከላካዮች ሊሰጥ ፈልጎ ነበር። ብዙዎች ይህን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ብለው አዘኑ፤ ሌሎችም ሒሳቡ የግድ ይላል አሉ።

በአገራችንም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚህ የሚጠብቅ ሌላ ጣሪያ ከጥንት ጀምሮ እናውቃለን። ይህ ጣሪያ በብር የሚለካ አይደለም። በኦሎምፒክ ማራቶን አንድ አገር ከሦስት ሯጭ በላይ ማሰለፍ አይችልም። ሌላ አገር ሦስት ብቁ ሰው ፍለጋ ሲቸገር፣ እኛ ከብዙ ብቁዎች መካከል ሦስት መርጠን ሌላውን ለማስቀረት እንቸገራለን።

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በሰሜን ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ይገኛሉ። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ጎህ ሲቀድ በሱሉልታ ሜዳ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ተራ በተራ ሆነው የሚሮጡ ወጣቶችን ያያል። ከመካከላቸው የትኛው የኦሎምፒክ ባለ ድል እንደሚሆን አይታወቅም። የሚታወቀው ግን አብዛኞቹ በብቃት ማነስ ሳይሆን በቦታ ማነስ ከቤት የሚቀሩ መሆናቸው ነው። ሩጫን ከጀመሩት ዘንድ ይህ ሐዘን አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ፣ የሚቀጥለው ፈተና በቶኪዮ ነበር። ውድድሩ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ግን ታሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪምን ብቻ ብንጠይቅ ይቅር ማለቱ አይቀርም ነበር። ሆኖም አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሰውየውን በየቀኑ ያየው ስለ ነበር ተስፋ አልቆረጠበትም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ፣ በዓለም እስከዚያ ጊዜ ያልተሮጠ ፍጥነት አስመዘገበ፤ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እዚህ ላይ ለነባሩ ጀግና ቦታ መጠበቅ መልካም ፍሬ አፈራ።

ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የሆነው ግን ሌላ ነው። አበበ እግሩን ታሞ ሳለ ተሰለፈና 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። በዚያው ቀን፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ማሞ ወልዴ አሸነፈ፤ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ከሳምንት በፊት ደግሞ በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ሦስተኛው ሰው ገብሩ መራዊ 6ኛ ሆነ። ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ አበበና ማሞ ሁለቱም የተወለዱት በ1924 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን አንዱን ያስቆመው፣ ሌላውንም ያላስቆመው ዕድሜ አልነበረም። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ አካል ተጎድቷል፤ የሌላው ጸንቷል። ማሞማ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ40 ዓመቱ እንደ ገና ተሰልፎ ሦስተኛ ወጣ። በዕድሜ ብቻ የሚመርጥ ሰው ቢኖር ኖሮ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ሜዳሊያ ባላገኘች ነበር።

ምሩጽ ይፍጠርም ለዚህ ምስክር ነው። በሙኒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል አፍሪካውያን ስለ ቀሩ ሳይሮጥ ተመለሰ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ፣ ስለ ዕድሜው ብዙ ወሬ ሲወራ፣ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ወርቅ አገኘ።

ነገር ግን የአረጋዊውን ወገን ብቻ ብናመሰግን ሚዛናችን ያጋድላል። በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ማራቶኑን ያሸነፈው ገዛኸኝ አበራ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በ1996 ዓ.ም. በአቴና ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ሁለት ጊዜ የ10,000 ሜትር ባለ ወርቅ የነበረው፣ የተረከዝ ጅማቱን ታሞ ተሰለፈ። በሩጫው መካከል ታናናሾቹ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ እየተመለከቱ፣ ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀነስ አደረጉ። ይህ በተመልካች ልብ የቀረ ጨዋነት ነው። ኃይሌ ግን ሊደርስ አልቻለም፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆኑ። የዚያን ቀን ብዙ ሰው የኃይሌ ዘመን አበቃ ብሎ ነበር። ኃይሌ ግን ርቀቱን ለወጠ፤ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በበርሊን በ35 ዓመቱ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ፣ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ስለዚህ አረጋዊ ለአንዱ መደብ ባይበቃ ለሌላው ይበቃል፤ ቦታውን አስለውጦ ማየት የአለቃ ብልኀት ነው።

አሁን ወደ ሰበታ እንድረስ። በ2013 ዓ.ም. ለቶኪዮው ኦሎምፒክ የሚሄዱትን ሦስት ሯጮች ለመለየት፣ ሚያዝያ 23 ቀን በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ይህ አመራረጥ በላዩ ሲታይ ከሁሉ የጠራ ነው። ማንም በስሙ አይገባም፤ ማንም በዘመድ አይገባም፤ የቀደመ ሄደ፣ የቀረ ቀረ። ሹራ ቂጣታ አንደኛ፣ ሌሊሳ ዴሲሳ ሁለተኛ፣ ሲሳይ ለማ ሦስተኛ ሆኑ። ቀነኒሳ በቀለ ግን በማጣሪያው አልተሰለፈም፤ ከቡድኑም ውጭ ሆነ። ይህ ሰው ከማጣሪያው ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ አስቀድሞ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሮጦ፣ የዓለምን ክብረ ወሰን በሁለት ሴኮንድ ብቻ የሳተ ነበር።

ውድድሩ ነሐሴ 2 ቀን በሳፖሮ ከተማ በሙቀትና በወበቅ ተካሄደ፤ ከተሰለፉት 106 ሯጮች 30 ያህሉ አቋረጡ። በሰበታ ያለፉት ሦስቱም ከአቋረጡት ጋር ነበሩ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቀዝቃዛ ደጋ፣ ከማራቶን 7 ኪሎ ሜትር በሚያንስ ርቀት፣ መቶ ቀን በማይሞላ ጊዜ አስቀድሞ የተደረገ ፈተና፣ የሳፖሮን ሙቀት ሊመዝን እንደማይችል ግልጽ ነው። ፈተናው ቅን ነበር፤ የፈተነው ግን ሌላ ነገር ነበር። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ለሒሳብ ሹም የጽሕፈት ፈተና መስጠት አድልዎ ባይሆንም ጥቅም የለውም።

ሦስት ዓመት አለፈ። ለ2016ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ሯጮቹ በቅርብ ጊዜ ውጤታቸው ተመዘኑ። ሲሳይ ለማ በቫሌንሺያ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ የሮጠና በቦስተን ያሸነፈ ነበር። ደሬሳ ገለታ በሴቪያ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ሮጦ ነበር። ሦስተኛው በለንደን ሁለተኛ የወጣው ቀነኒሳ ነበር፤ በሱሉልታ የራሱን የሩጫ ሜዳ ያሠራው ቀነኒሳ በመጨረሻ ለኦሎምፒክ ማራቶን ተጠራ። የኒውዮርክን ማራቶን ያሸነፈው ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ።

እዚህ ላይ የሰዓት ሚዛን ምን እንደሚሰውር እንመልከት። የቫሌንሺያና የሴቪያ ጎዳና ሜዳማ ነው፤ የኒውዮርክ ግን ድልድይና ዳገት የበዛበት ነው። የፓሪስም ጎዳና ወደ ቬርሳይ ሲሄድ በብርቱ ዳገት የተሞላ ነበር። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያነሰው የታምራት ሰዓት ለሚመጣው ሥራ የበለጠ ምስክር ነበር። ሲሳይ ተጎድቶ ቦታውን ለቀቀ፤ ታምራትም ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ ከገዛኸኝ ድል በኋላ 24 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወርቁ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ደሬሳ አምስተኛ ወጣ። ቀነኒሳ 39ኛ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሮጦ ገባ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ይህን ድል ስናከብር ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። የአንድ ሰው ጉዳት ባይደርስ ኖሮ፣ የዓመቱ የኦሎምፒክ ባለ ድል ውድድሩን ከዳር ቆሞ ባየው ነበር። የመራጮች ስሕተት ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚቀረው ስለዚህ ነው። የተመረጠው ሲሸነፍ ሁሉ ያያል፤ የቀረው ሊያሸንፍ ይችል እንደ ነበር ግን የሚያይ የለም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ዕድሜ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም፤ በሜክሲኮ እኩዮቹ አበበና ማሞ ይህን አሳይተውናል። ሁለተኛ፣ ፈተና የሚመጣውን ሥራ ሊመስል ይገባል፤ ሰበታ ለሳፖሮ፣ ሜዳው ለዳገቱ ምስክር አይሆንም። ሦስተኛ፣ ተጠባባቂውን እንደ ትርፍ ሰው መቍጠር አይገባም፤ ተዘጋጅቶ የጠበቀ ሰው አገር ያድናል። አራተኛ፣ ለነባሩ አገልጋይ ውለታ የሚከፈልበት መንገድ ብዙ ነው፤ ክብር አለ፣ ጡረታ አለ፣ ማስተማርና መምከር አለ። ለሌላ ሰው የሚገባውን መደብ በውለታ ስም መስጠት ግን የራስን ዕዳ በሰው ገንዘብ መክፈል ነው።

ይህን ስል ነባሩን አገልጋይ በችኮላ አሰናብቱ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከባዱ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። አለቃው ነባሩን ሠራተኛ ቢያስቀረው ምክንያቱን ፊት ለፊት ሊነግረው፣ ቢያስቀጥለውም ከቤት የሚቀረውን ወጣት ስም አስታውሶ ሊያደርገው ይገባል። ጣሪያውን እኛ አልሠራነውም፤ ከጣሪያው በታች ያለው ፍርድ ግን የእኛ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት መደብ ይዞ አምስት ማመልከቻ የሚጠብቀው ሰው ከአድማጮቻችን መካከል እንደሚኖር አልጠራጠርም። እርሱ ማመልከቻዎቹን ከመዝጋቱ በፊት፣ በፓሪስ ተጠባባቂ ሆኖ የጠበቀውን ሰው ያስታውስ።