የትንሣኤ ሙታን ተስፋ፦ ከጎንደር ለቅሶ እስከ ዶራ ድንኳን



በናታንያ ከተማ በዶራ ሠፈር ድንኳን ተጥሎ ሲታይ ለቅሶ ደራሹ ከየከተማው ይመጣል። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ግን «ሟቹን እንደገና እናየዋለን ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ለመስጠት አባቶቻችን በጎንደር ያቆዩልንን ማስታወስ ይገባል።

በጎንደር ቤተ እስራኤልና ክርስቲያኖች ጎረቤታሞች ነበሩ። በማዕድ አይገናኙም፤ የእኛም ወገን ስለ ንጽሕና ሲል ከመነካካት ይጠበቅ ነበር። ሞት ሲመጣ ግን አንዱ የሌላውን ለቅሶ ይደርሳል። ሁለቱም «ትንሣኤ ሙታን» የሚለውን የግዕዝ ቃል ያውቃሉ፤ ሁለቱም ለሟቹ ጸሎት ያደርሳሉ፤ በተዝካርም ያበላሉ።

የክርስቲያኖቹ ተስፋ የተመሠረተው ክርስቶስ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል በሚለው እምነታቸው ላይ ነው። ስለዚህ ካህናቱ መጽሐፈ ግንዘት አንብበው ይቀብራሉ፤ በአርባና በዓመት ተዝካር ያወጣሉ፤ በፋሲካም ሐዘንተኛው ይጽናናል። ለእነርሱ ትንሣኤ አንድ ጊዜ የተጀመረ ነገር ነው።

የእኛ አባቶች ደግሞ ተስፋቸውን የሚያገኙት ከኦሪትና ከነቢያት ነው። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 37 ስለ ደረቁ አጥንቶች፣ ዳንኤል በምዕራፍ 12 በምድር ትቢያ ስላንቀላፉት ይናገራሉ። መጽሐፈ መላእክት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ መላእክት እንዴት እንደሚቀበሏት ያስረዳል። ትእዛዘ ሰንበትም በሲኦል ያሉ ነፍሳት በሰንበት እንደሚያርፉ ይገልጻል። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እነዚህን መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግሊዝኛ ተርጉመው አሳትመዋል። ሬሳ የነካ ሰው በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 19 እንደታዘዘው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእኛ ተስፋ ገና የሚጠበቅ ሲሆን ወደ ኢየሩሳሌም ከመመለስ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሐሪ ሕዝቡን ይዘው ወደ ተስፋይቱ ምድር ሲነሡ ብዙዎች በረሃብና በበሽታ በመንገድ ቀሩ። ተስፋው ግን አልቀረም።

ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ይኸው መንገድ በሱዳን በኩል ተጀመረ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ብዙዎች እስራኤል ገቡ፤ ሆኖም በጉዞና በስደተኞች ሠፈር 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። በኡም ራኩባ አይሁዳዊነቱን የሚሰውር ሰው ሬሳውን በሥርዓቱ ሊቀብር አልቻለም። ጮኾ ማልቀስ ያስፈራ ነበር፤ ሰባት ቀን የሚቀመጡበት ቤትም አልነበረም። በዚያው ሠፈር ከረሃብ የሸሹ ክርስቲያኖችም ልጆቻቸውን ይቀብሩ ነበር። የአገራችን ሁለት ሃይማኖቶች በአንድ አሸዋ ላይ አለቀሱ።

ከእኛ ቤተሰቦች ብዙዎቹ መርዶውን የሰሙት ከዓመታት በኋላ ነው፤ መቃብሩንም አላዩም። ለእንዲህ ያለው ሐዘን ሺቭዓ ብቻ አልበቃም። በሀር ሄርጽል እ.ኤ.አ. በ2007 መታሰቢያ ተመርቆላቸዋል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን መንግሥት በዚያ ሥርዓት ያደርጋል። ለብዙ ቤተሰብ ያ ድንጋይ የመቃብር ምትክ ሆኗል።

ስለዚህ ልጆቻችን በምኩራብ ሲጸልዩ በዕብራይስጥ «መሐዬ ሀሜቲም» የሚሉት፣ ቄሶቻችን በግዕዝ ይጠብቁት የነበረው ያው ተስፋ መሆኑን እንንገራቸው። ትንሣኤ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ስም መጠበቅ ግን የእኛ ነው። ከሱዳን የተረፉ ሽማግሌዎች እያነሱ ነው። ማን፣ የማን ልጅ፣ በየትኛው ሠፈር እንደ ሞተ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በየቤታችሁ አባቶችንና እናቶችን እየጠየቃችሁ የሙታኑን ስም በአማርኛና በዕብራይስጥ ጻፉ፤ ለልጆቻችሁም አቆዩ።